የማይጎድለው ጀሪካን

«ጠጣሁ በላት» አሉት አማቴ። «ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ሰው የሌለ መስሏቸው ነው። እኔ የባሌን የናስርን የሆስፒታል ካርድ ረስቼ፣ ባጃጅ ከማገኝበት ከጀጎል ግንብ ፈላና በር ተመልሼ፣ ደጃፉ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። በአንድ እጄ ጥቁር ፌስታል ይዣለሁ፤ ፌስታሉ ውስጥ የናስር ሽንት ያለበት፣ ክዳኑ ቢጫ የሆነ ትንሽ ዕቃ አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ምርመራው ዋጋ የለውም ተብያለሁ፤ ስለዚህ ቆሜ የምጠይቅበት ጊዜ አልነበረኝም። ገባሁ። አማቴ እማማ ፋጡማ የተስተካከለውን ብርድ ልብስ እንደገና ማስተካከል ጀመሩ። ናስር ዓይኑን ጨፈነ፤ ከአንገቱ በታች አብዛኛው አካሉ የማይታዘዝለት ሰው የሚሸሸው በዓይኑ ነው። ካርዱን ከቁምሳጥኑ ላይ አንስቼ «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ማንም «ምን ረሳሽ?» አላለኝም። ሌላ ቀን ቢሆን አማቴ «ጭንቅላትሽንስ ይዘሻል?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ከቤታችን እስከ በሩ ያለው መንገድ ሁለት ሰው ከተላለፈበት ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ባጃጅ አይገባበትም፤ ዊልቸርም ድንጋዩ ላይ አይሄድም። ለዚህ ነው ናስር ከወደቀ ወዲህ ከቤት የወጣው በሰው ሸክም፣ ሆስፒታል ለመሄድ ብቻ የሆነው። ድንች ነጋዴ ነበር። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት የተጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ገመድ ሲያጠብቅ ገመዱ ተበጥሶ በአንገቱ ወደቀ። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል አሉን። እግሮቹ ቀሩ፣ ጣቶቹ መጨበጥ ተዉ፤ ከዚያ ደግሞ ጠያቂ መጥቶ «አይዞሽ» ሲለኝ ማንም የማያነሳው ነገር መጣ። ፊኛው ይሞላል፣ እሱ አያውቅም፤ ቢያውቅም በራሱ አይወጣለትም። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ፣ ሽንቱን አስወጥቼ፣ ቱቦውን መልሼ አወጣለሁ። በቀን ስድስት ጊዜ። ከሆስፒታል ሲያስወጡን ሁለት ነገር አጥብቀው ነገሩኝ፤ እጅሽ ንጹሕ ይሁን፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ። ውሃ ፊኛውን ያጥበዋል፤ ውሃ ካነሰ ሽንቱ ይወፍራል፣ ጀርም ይራባበታል። በቀን ሁለት ሊትር። እኔም መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ወደምሰፋበት ቦታ ከመሄዴ በፊት ሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ፣ ስትሮ ከትቼ፣ አፉ በሚደርስበት አስሬለት እወጣለሁ። ምሳ ሰዓት ስመለስ አንደኛው ባዶ ነው። ማታ ሁለተኛውም ባዶ ነው።

ባጃጁ እስከ ሆስፒታል መቶ ሃምሳ ብር አለኝ። መቶ ሃያ አልኩት። «ፌስታሉ ውስጥ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ማር» አልኩት፤ ሳቀና በመቶ ሃያ ነዳ። በመንገድ ላይ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ጠጣሁ በላት። ምኑን? አማቴ የባህል መድኃኒት አስመጥተው፣ እንዳልቆጣ ደብቀውኝ ይሆን? ወይስ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ሰው ልኮላቸው፣ ናስር አልጠጣም ብሏቸው፣ ለላከችው ሴት እንዲዋሽላቸው ነው? ሰው ክፉ ነገር ማሰብ ካልፈለገ የሚያመልጥበት መንገድ አያጣም። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምርመራው ደህና ወጥቶ በዚያ ቤት ውስጥ ቀና ብዬ መሄድ።

ምክንያቱም ናስር ባለፉት ዘጠኝ ወራት ሦስት ጊዜ በሽንት ኢንፌክሽን ወድቋል፤ ይኼ አራተኛው እንዳይሆን እየፈራሁ ነበር። እሱን እንደ ሌላ ሰው አያቃጥለውም። አካሉ አይነግረውም። መጀመሪያ እግሮቹ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ሽንቱ ይደፈርስና ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ ከዚያ ብርድ ብርድ ይለዋል። በሦስተኛው ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ እኔን በእህቱ ስም ነበር የሚጠራኝ። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ቢላል ከሐኪም ጋራ መጣ። የተከራየነው የድሮ የሐረር ቤት ነው፤ ነደባው፣ ያ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው ቀይ መደብ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ራሱ ይናገራል። ቢላል ላይኛው ላይ ወጣ፤ እኔ ታች ከናስር አልጋ አጠገብ ነበርኩ።

«ሪሃና፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ወላሂ» አለ። «ግን እጅ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንድ ጊዜ ደግሞ ከታመመ እኔ ቤት እወስደዋለሁ። አንቺም ታርፊያለሽ።»

«ታርፊያለሽ» ማለት ልብስሽን ይዘሽ ወደ ቤተሰቦችሽ ሂጂ ማለት እንደሆነ እዚያ የነበረ ሁሉ ገብቶታል። ናስር ጣሪያውን አየ። እማማ ፋጡማ የሻሻቸውን ጫፍ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ። አንዲት ቃል ይሉልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉም። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ባለትዳር ነኝ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሳሙና አልበቃኝ ብሎ በበረኪና ነው የምታጠበው። ቱቦዎቹን ሁለት ጊዜ እቀቅላለሁ። የምሰፋው ጨርቅ ላይ የጣቴ ደም እየነካ የሁለት ቀሚስ ዋጋ ከፍያለሁ።

ሆስፒታሉ ዕቃውን በሰዓቱ ተቀበለኝ፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ ተባልኩ። ከጎኔ ልጇን ያቀፈች ሴት ነበረች። ሰው ሆስፒታል ሲገናኝ ስለ በሽታ የሚያወራ ይመስላል እንጂ እኛ ጋ የሚወራው ስለ ውሃ ነው። እናንተ ጋ መጣ? እኛ ጋ ዘጠነኛ ቀኑ። አንድ ጀሪካን በጋሪ ስንት ገባ? አርባ። አርባ አምስት ነው የሸጡልኝ። እኔም ጉራዬን ነዛሁ። «የእኛ የመጠጥ ጀሪካን በረካ ገብቶበታል» አልኳት። «በፊት ሃያ ሊትሩ አምስት ቀን አይሞላም ነበር። አሁን ዘጠኝ ቀን፣ አንዳንዴ አሥር ቀን ይሄዳል። ሰው አልተቀነሰ፣ ያው ሦስት ነን።» ሴትየዋ «ማሻአላህ» አለች። ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ አይደለም። ለጎረቤት ነግሬያለሁ፤ አንዷማ ከጀሪካኑ አንድ ኩባያ ለቤቷ ወስዳለች። ለአማቴ የነገርኳቸው ቀን ደግሞ ዝም ብለው አዩኝ፤ እኔ ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ሲስተር ዕፀገነት ጠሩኝ። በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ከዚህ በፊት በሌላ ክፍል አልፌ ነው እንጂ እሳቸው ጋ ቀርቤ አላውቅም። ያለፈው ሳምንት የካልቸር፣ ጀርሙን አሳድገው የሚለዩበት ምርመራ፣ ውጤት ፊታቸው ነበር፤ ጀርሙ የምንሰጠውን ኪኒን ለምዶታል፣ በመርፌ ካልሆነ አይነቃነቅም አሉኝ። የዛሬው ሽንት ደግሞ መግል የሞላበት ነው። ብርድ ብርድ የሚለው ከሰኞ ጀምሮ ከሆነ ወደ ኩላሊቱ ወጥቶ እንዳይሆን ነው የምንፈራው፣ ዛሬ ከሰዓት ይተኛ አሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አራተኛ የሚለውን ብቻ ነው። ሳልጠየቅ እጆቼን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው።

«እጄ ነው?» አልኳቸው። «እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከእጄ ነው የሚይዘው?»

መነጽራቸውን አደረጉ። አገላብጠው አዩ። የተሰነጣጠቀውን ሲነኩት ጮህኩ። «ይኼ እጅ ከመጠን በላይ ታጥቧል» አሉ። «በረኪናውን ተዪ፤ ሳሙና ይበቃል። እጅሽ አይመስለኝም።» እዚያው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ዕቃውን ብርሃን ላይ ይዘው እያዩ ነበር። ሽንቱ ወተት የሌለው ወፍራም ሻይ ይመስላል።

«ምን ያህል ይጠጣል?»

«ሁለት ሊትር። ራሴ ነኝ የምሞላለት።»

«መሙላትሽን አይደለም የጠየቅሁሽ። ሲጠጣ አይተሻል?»

ጠዋት ሥራ እንደምሄድ፣ ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ እንደሆነ ነገርኳቸው። በቀን ስንት ጊዜ ታስወጪለታለሽ አሉ። «በፊት ስድስት ነበር፤ አሁን ተሽሎት ሦስት ሆኗል» አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት። ከዒድ በኋላ ቱቦ ባስገባሁ ቁጥር የሚወጣው እያነሰ መጣ፤ በመሃል የሚያመልጠውም ቀረ፤ አንሶላው ደረቀ። ፊኛው ሥራውን እየለመደ ነው ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ሰዓቱን አራዘምኩ። የሌሊቱንና የንጋቱን የስልክ ደወል አጠፋሁ። ለታላቅ እህቴ ለሐሊማ ድሬዳዋ ደውዬ «አልሃምዱሊላህ፣ ተሻለው» ብያታለሁ። ሲስተር እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«በሦስቱ ጊዜ ተደምሮ ስንት ይወጣል?»

በመለኪያው ጣሳ የማየውን አሰብኩ። ጠዋት ሁለት መቶ ሃምሳ። ምሳ ሰዓት መቶ ሃምሳ። ማታ ሁለት መቶ። «ስድስት መቶ» አልኩ።

«ሁለት ሺህ ገብቶ ስድስት መቶ ከወጣ» አሉ በቀስታ፣ «የቀረው የት ገባ፣ ልጄ?»

መልሱን አውቄው ነበር። ገና ጥያቄው ሳያልቅ አውቄዋለሁ። ቢጫው ጀሪካን ከዓይኔ ፊት መጣ፤ ጓዳ ጥግ፣ ክዳኑ ላይ ኩባያ የተደፋበት፣ ዘጠኝ ቀን የማይጎድለው። ከእሱ ስሞላ፣ ሰው ወደ እሱ ሲመልስ፣ እኔ ደግሞ ያንኑ ውሃ በማግሥቱ ስሞላ። ዘጠኝ ወር ያንኑ ሁለት ሊትር ነው ሳመላልስ የከረምኩት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ሲስተር «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «በረካ» አልኳቸው፤ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። የመኝታ ወረቀቱን ሰጡኝ። እስከ አሥር ሰዓት አምጪው፣ እየጠጣ ይምጣ፣ ከመምጣቱ በፊትም አስወጪለት አሉኝ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ለቢላል ደወልኩ፤ ተሸካሚ ሰውና መኪና ይዞ በዘጠኝ ሰዓት እንዲመጣ ነገርኩት። «ደግሞ?» አለ። «ደግሞ» አልኩት።

ቤት ስደርስ እማማ ፋጡማ ሰፌድ ላይ ማሽላ እየለቀሙ ነበር። ሰላም አላልኳቸውም። ጓዳ ገብቼ ጀሪካኑን አነሳሁት። ጠዋት የናስርን ሁለት ጠርሙስ ሞልቼ ስወጣ ውሃው ከእጀታው በታች ነበር፤ አሁን እጀታው ጋ ደርሷል። በሁለት እጄ ይዤው ቆምኩ። ስንቴ ከፍ ብሎ አይቼው ዐይኔ ነው ብያለሁ? ተሸክሜ አመጣሁትና አማቴ ፊት፣ ሰፌዱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እማ፣ በረካ ነው ብለውኝ ነበር።»

እጃቸው ማሽላው ላይ ቆመ። «እኔ በረካ ነው አላልኩም» አሉ። «አንቺ ነሽ ያልሽው። እኔ ዝም አልኩ።»

«ቢላል እጇ ነው ሲልስ?»

«ያን ጊዜም ዝም አልኩ።»

የማከብራቸው ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ልጄ ሞታ ስትወለድ አርባ ቀን እግሬን ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ሰፌዱን በእግሬ ልገፋው ፈለግሁ፤ ማሽላው በሙሉ መሬት ላይ ሲበተን ታየኝ። አልገፋሁትም፣ ግን ድምፄ ተቀየረ። «ልጅዎን እየገደሉት ነበር። ያውቃሉ? ከውስጡ እየመረዘው ነበር። እኔ እጄን በበረኪና ስፍቅ እያዩ» አልኩ። አለቀሱ። እማማ ፋጡማ ሲያለቅሱ ድምፅ የላቸውም፤ ፊታቸው ብቻ ይረጥባል። «አማና አለብኝ፣ ምስጢሩን ልጠብቅ ቃል ገብቻለሁ» አሉ። «እሱ ነው የለመነኝ። ለእሷ ብትነግሪ ከእኔ አይደለሽም አለኝ። እሱን ጠይቂው። እኔ ውሃው እንዲህ እንደሚያደርገው መች አወቅሁ? አንሶላው ደረቀለት፣ ልጅቷም አረፈች አልኩ።»

ከአልጋው እስከ ሰፌዱ አምስት እርምጃ ነው። ናስር ሁሉንም ሰምቷል። ስጠጋው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ብርድ ልብሱ ሥር እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሁለቱ ጠርሙሶች ከራስጌው ባዶ ተንጠልጥለዋል። ጠዋት እንዳደረገው ዓይኑን ሊጨፍን ሲል «እንዳትጨፍን» አልኩት። አልጨፈነም።

«ከዒድ ማግሥት ለሐሊማ ስትደውዪ» አለ። «ግቢ ወጥተሽ። በትንሿ መስኮት ስር ቆመሽ ነበር።»

ያን ቀን አስታወስኩት። ዒዱን ሙሉ እንግዳ ሲገባ ሲወጣ ቱቦ የማስገባበት ሰዓት እየተዛባ፣ እንግዳ አስወጥቼ መጋረጃ እየጋረድኩ፣ ሌሊት ደግሞ በደወል እየነቃሁ፣ ዕቃ ሳጥብ ቆሜ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ለሐሊማ ያልኩትን ቃል በቃል ነገረኝ። እጄ ሽንት ሽንት ይላል። በሽንት ሰዓት እነሳለሁ፣ በሽንት ሰዓት እተኛለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሐሊማ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሰልችቶኛል። የራሴን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ፣ ያውም ምንም ሳይቀንስ ሳይጨምር፣ ፊቴን ማን በጥፊ እንደመታኝ አላውቅም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህን በልቡ ይዞ ነው «ቁርስ በላሽ?» ሲለኝ የከረመው።

«ስድስት ነበር» አለ ናስር። «ሦስት አደረግሁልሽ። ከእኔ የምሰጥሽ ሌላ ምን አለ? መተኛት ጀመርሽ። ፊትሽ ተመለሰ። ስትስቂ እሰማ ነበር።»

«ቢላል ሲያባርረኝስ?»

«አይወስደኝም ነበር» አለ። «ልነግረው ነበር። ከነገርኩት ደግሞ ያን ቀን ስልክ ላይ ያልሽውን መስማቴን ታውቂያለሽ። አፍረሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እናት ፈርታ ዝም፣ ልጅ ፈርቶ ዝም፤ እኔ ደግሞ መሃላቸው በደስታ እተኛለሁ። በጣም ያስደነገጠኝ ይኼ ነው፤ የእነሱ መዋሸት አይደለም። አንሶላው ሲደርቅ፣ ጣሳው ሲጎድል፣ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። መልሱ ስለተመቸኝ አልጠየቅሁም። እጄን ሺህ ጊዜ የታጠብኩት እኔ አንድ ጊዜ ሥራዬን ትቼ ከአጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲጠጣ ብጠብቀው ኖሮ በግማሽ ቀን የሚገለጥ ነገር ነበር። ልመታው ፈለግሁ፤ ልስመውም ፈለግሁ። ሁለቱንም ትቼ ጓዳ ገባሁ፣ በሳሙና ታጠብኩ፣ የተቀቀለ ቱቦ አመጣሁ፣ መጋረጃውን ጋረድኩ። መቶ ሠላሳ ወጣ። ደፍርሷል፣ ይሸታል። ጣሳውን ፊቱ ድረስ አምጥቼ አሳየሁት፤ ከዚህ በፊት አሳይቼው አላውቅም፣ እንዳይከፋው እደብቀው ነበር።

«ይኼ ነው ስጦታህ» አልኩት። «እየው።»

አየው። እኔም መራራት ነበረብኝ፤ ግን መራራት ነው እዚህ ያደረሰን።

«ሰልችቶኛል» አልኩት። «ለሐሊማ ያልኩት እውነት ነው። ያን ጊዜም ሰልችቶኝ ነበር፣ ነገም ይሰለቸኛል። ሲሰለቸኝ ለሐሊማ እነግራታለሁ፣ ለአንተም እነግርሃለሁ፤ ከዚያ ታጥቤ እመጣለሁ። የሰለቸው ሰው ሁሉ ይሄዳል ያለህ ማነው? አንተ ድንች መጫን ሰልችቶህ አያውቅም?»

በዚህ መሃል መጋረጃው ተገለጠና እማማ ፋጡማ ኩባያ ሞልተው ገቡ። ያን ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ለእኔ አልሰጡኝም። ራሳቸው ስትሮውን ልጃቸው አፍ ውስጥ አደረጉና ጎንበስ ብለው ጠበቁ፤ ከአፉ ሲመልሱት የከረሙትን ውሃ ጉሮሮው ሲውጠው እየቆጠሩ። ጨርሶ ሲያበቃ ሌላ ሊያመጡ ዞሩ።

ቢላል በዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሰዎች ይዞ መጣ። ሚኒባሱ በሩ ጋ ቆሟል። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ሆኖ ወንድሙን አየ፣ የሚንቀጠቀጠውን ብርድ ልብስ አየ፣ ከዚያ እጄን አየ። «ብያችሁ ነበር» አለ። «አቦ፣ ስንቴ ልናገር? ከሆስፒታል ሲወጣ በቀጥታ ወደ እኔ ነው። አለቀ።» ሦስቱ ሰዎች መሬት መሬት አዩ። የምለው ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን ነደባው ላይ አንድ ሰው ሲነሳ ሰማሁ። እማማ ፋጡማ ላይኛው ላይ፣ ቢላል ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደወጡ አላየሁም።

«እጇ አይደለም» አሉ። «እጇን ተወው፣ ቢላል። ውሃውን ከአፉ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር። አንተ እሷን ስትወቅስ እኔ እዚህ ተቀምጬ ነበር፤ ምላስ ነበረኝ።»

ቢላል «ምን?» አለ። እናቱን አየ፣ ናስርን አየ። ናስር «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አለው። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ቢላል ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ በእግር በኩል ያለውን የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ። ይቅርታ አላለኝም። ብቻ ልናነሳው ስንል «እጅሽን ያምሻል፣ አንቺ አትያዢ» አለኝና የእኔንም ጫፍ ወሰደ። ለቢላል ይኼ ብዙ ነው።

መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ፊትና ኋላ ሆነው ተሸከሙት። እኔ ሁለቱን ጠርሙሶች ሞልቼ፣ ቱቦዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ስልኬ ላይ ስድስት ደወል ሞልቼ ከኋላ ተከተልኩ። ሰው ከየደጃፉ ወጥቶ «አላህ ያሽርህ» ይላል። ኩላሊቱ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍም ሁሉንም አልነገሩንም። ፈላና በር ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ትንፋሽ ለመውሰድ አግዳሚ ላይ አሳረፉት። ሰው ከበበው፤ ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ጠዋት ማር ነው ያልኩት ልጅ ሳይቀር። ናስር እንዲህ ሰው ፊት ሲሆን ድሮ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ሪሃና» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። «ውሃ ስጪኝ።»

ከዘጠኝ ወር ወዲህ ራሱ ውሃ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ይሰለቸኛል» አልኩት፣ ስትሮውን አፉ ውስጥ እያስገባሁ፤ ጠርሙሱ እስኪጋመስ ድረስ እዚያው ቆሜ አየሁት።